«ሟች» የሚለው ቃል በሕግ ቋንቋ፤ ትርጉሙና አመጣጡ

ሰው ሲሞት በቤቱ አስቀድሞ የሚሰማው ልቅሶ ነው። ለቀስተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ግን ወደዚያው ቤት ወረቀት መግባት ይጀምራል። ከፍርድ ቤት፣ ከማዘጋጃ ቤት፣ ከባንክና ከጡረታ መሥሪያ ቤት የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ አንድ አዲስ መጠሪያ ይዞ ይመጣል። ቤተ ሰቡ እስከ ትናንት ድረስ «አባባ» ወይም «ጋሼ» እያለ ሲጠራው የነበረው ሰው በወረቀቱ ላይ «ሟች» ተብሎ ይገኛል።

ይህ ቃል በፊደል ቍጥር ሁለት ብቻ ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው ሀብት ለማን እንደሚተላለፍ፣ ዕዳው ከምን ላይ እንደሚከፈል፣ ባልዋ የሞተባት ሴት ከቤቷ እንዳትወጣ የሚያደርጋት መብት ምን እንደ ሆነ የሚወሰነው በዚህ ቃል ዙሪያ ነው። ስለዚህ አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ የመንግሥት ሹማምንትና ሠራተኞች ቃሉን በሚገባ ቢያውቁት ለራሳቸው ጽሑፍ ጥራት፣ ጕዳዩን ይዞ ለሚመጣው ባለጕዳይም ዕረፍት ይሆናል። እኛም በዚህ ገጽ የቃሉን አመጣጥ፣ ዘመዶቹ የሆኑትን ቃላትና በሕግ ያለውን ሥራ በተራ እንገልጻለን።

የቃሉ አመጣጥ

«ሟች» የተገኘው «ሞተ» ከሚለው ግሥ ነው። ይህ ግሥ ከግእዝ ጀምሮ ያለ ሲሆን ከሌሎቹ የሴም ቋንቋዎችም ጋር የጋራ ነው። ዐረቡ «ማተ» ይላል፤ ዕብራዊውም የሞተውን ሰው «ሜት» ብሎ ይጠራዋል። በሁሉም ዘንድ መሠረቱ «መ» እና «ተ» ነው፤ በመካከሉ ያለው ደካማ ፊደል ብቻ ይለዋወጣል።

ታዲያ «ተ» ወደ «ች» የተለወጠው በምን ምክንያት ነው? በአማርኛ አድራጊውን የሚያመለክት ስም ከግሥ ሲወጣ የመጨረሻው ፊደል ወደ ሣልስ ያዘነብላል። ከ«ጻፈ» ጸሓፊ፣ ከ«ቀበረ» ቀባሪ ይወጣል። የግሡ መጨረሻ «ተ» ሲሆን ግን «ቲ» በማለት ፈንታ አንደበታችን ወደ «ች» ይለውጠዋል። «ከፈተ» ብለን «ከፋች» የምንለው በዚህ ሕግ ነው። መጨረሻው «ጠ» ሲሆንም እንደዚሁ ወደ «ጭ» ይለወጣል፤ «ሮጠ» ብለን «ሯጭ» እንላለንና። እንግዲህ «ከፈተ፣ ከፋች፤ ሮጠ፣ ሯጭ፤ ሞተ፣ ሟች» እያሉ በቃል መያዝ ለተማሪው ይጠቅመዋል። የ«ሞ» ወደ «ሟ» መለወጥም «ቆመ» ብለን «ቋሚ»፣ «ጾመ» ብለን «ጿሚ» እንደምንለው ያለ ነው።

ከዚህ አገባብ የተነሣ ቃሉ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ሞቱ የተፈጸመውን ሰው ያመለክታል። ሁለተኛው ግን ገና በሕይወት ያለውን ይነካል፤ «ሰው ሁሉ ሟች ነው» ሲባል መሞት የማይቀርለት ነው ማለት ነው። ስለዚህ «ሟች» የሚለው ቃል በራሱ ጊዜን አይናገርም፤ ሞቱ የደረሰ መሆኑን የሚያስረዳን የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ነው። የ«ሟች» ተቃራኒ ሆኖ የሚነገረውም ብዙ ጊዜ «ቋሚ» ነው። ቋሚ ማለት ሌላው ሲሞት በሕይወት ቆሞ የቀረ፣ ቀብሮ የሚመለስ፣ ቤቱንም የሚረከብ ሰው ነው።

«ሟች»፣ «ሙት»፣ «አስከሬን»

ከአንድ ግሥ የወጡ ወይም በአንድ ጕዳይ ላይ የሚነገሩ ቃላት ሁሉ እኩል አይደሉም። «ሙት» የሚለው ሁኔታን ያሳያል። በ«ሙት ዓመት» ውስጥ የምናገኘው ይህንኑ ነው፤ ሙት ዓመት ሰው በሞተ በዓመቱ የሚደረግ መታሰቢያ ነው። «ሙታን» የሚለውም በግእዝ ዐይነት የበዛ ሲሆን የሞቱትን ሁሉ በጅምላ የሚጠራ ነው። በመዝገብ ላይ ግን አንድን የታወቀ ሰው «ሙት» ብሎ መጻፍ ነውር ነው፤ ሰውን ከነስሙና ከነመብቱ ሳይሆን እንደ ወደቀ ዕቃ ማየት ይመስላል። ብዙ ሰዎች ሲሆኑም በጽሑፍ «ሟቾች» ይባላል።

«ሬሳ» እና «አስከሬን» ደግሞ ሥጋውን እንጂ ሰውየውን አይገልጹም። «ሬሳ» የሰፈር ቃል ነው፤ «አስከሬን» የተከበረና ለጽሑፍ የሚስማማ ነው። ሐኪም የሚመረምረው አስከሬኑን ነው፤ ቤተ ሰብም የሚረከበው አስከሬኑን ነው። ስለዚህ «ሟች ለምርመራ ተላከ» ማለት አይገባም፤ «የሟች አስከሬን ለምርመራ ተላከ» ማለት ይገባል። ሰውየው ስም፣ ቤተ ሰብ፣ ሀብትና ዕዳ ነበረው፤ አስከሬን ግን እነዚህ ሁሉ የሉትም።

የወንጀል መዝገብም ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። በነፍስ ግድያ ክስ ላይ የተገደለው ሰው «ሟች»፣ የተከሰሰው ደግሞ «ተከሳሽ» ይባላል። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ተከሳሹን «ገዳይ» ብሎ መጻፍ ነገሩን ሳይመረምሩ መፍረድ ስለሆነ ጥንቁቅ ጸሓፊ ይህን አያደርገውም። «ሟች» የሚለው ግን ስለ ገዳዩ ማንነት የሚናገረው ነገር ስለሌለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊጻፍ ይችላል።

ሌሎች ሕዝቦች የሞተውን እንዴት ይጠሩታል?

የየሀገሩ ሕግ የሞተውን ሰው የሚጠራበትን ቃል ስንመረምር ሕዝቡ ስለ ሞት ያለውን አሳብ ጭምር እናገኛለን።

የሮማ ሕግ በተስፋፋበት አገር ያሉ ጠበቆች ውርሱ የሚነገርለትን ሰው «ዴ ኩዩስ» ይሉታል። ይህ የላቲን ቃል «ውርሱ ጕዳይ የሆነበት እርሱ» ከሚል ረዥም አነጋገር የተቈረጠ ነው። ከተቈረጠው የቀረው «ስለ እርሱ» እንደማለት ያለ ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ነው። ስሙም፣ ሞቱም፣ ውርሱም ከቃሉ ወጥተዋል፤ ጠበቆቹ ግን እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። ፈረንሳዮች በተለመደው ቋንቋቸው «ዴፉን» ይላሉ፤ ይህም «ሥራውን የፈጸመ፣ ግዳጁን የጨረሰ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። እንግሊዞች «ዲሲስድ» ሲሉ አሜሪካውያን ጠበቆች «ዲሲደንት» የሚለውን ይጨምራሉ፤ ሁለቱም «ሄደ፣ ተለየ» ከሚል የላቲን ግሥ የወጡ ናቸው። እኛ «በሞት ተለየ» ከምንለው ጋር በአሳብ አንድ ናቸው።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ በኬንያና በታንዛንያ የሚነገረው ስዋሂሊ የሞተውን ሰው «ማሬሄሙ» ይለዋል፤ ሶማሊኛም «ማርሑም» ይላል። ሁለቱም ከዐረብኛ የተወሰዱ ሲሆኑ ትርጉማቸው «ምሕረት የተደረገለት» ነው። እኛ «ነፍሱን ይማረው» ብለን በጸሎት የምንለምነውን እነርሱ በመጠሪያው ውስጥ አስገብተውታል። ዕብራውያን ደግሞ «ሃማኖዋሕ» ይላሉ፤ «ያረፈው» ማለት ነው። ይህም «አረፉ» ከሚለው የአማርኛ አነጋገር ጋር ይገናኛል።

የአማርኛ የሕግ ቋንቋ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግልጡን መንገድ መርጧል። ሄደ አይልም፤ አረፈም አይልም፤ «ሟች» ብሎ ያቆማል። ይህ ከጭካኔ የመጣ አይደለም። በሕግ ፊት ሰው «ሄደ» ቢባል ወዴት እንደ ሄደ ይጠየቃል፤ «ተለየ» ቢባልም ይመለስ ይሆናል ያሰኛል። «ሟች» ግን ሁለት ትርጉም የለውም።

የፍትሐ ብሔር ሕግና ቃሉ

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚጠቀሰው የጽሑፍ ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነበር። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ከተዘጋጀ ሥራ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ከእርሱም ሌላ በየአገሩ ያለው ልማድ ብዙውን የውርስ ነገር ይወስን ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት የፓሪሱ የሕግ መምህር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ ሕጉ 3367 ቍጥሮች አሉት። ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት ከባድ ሥራ ገጥሟቸው ነበር፤ ብዙውን የፈረንሳይ ቃል በአገር ቃል መተካት ነበረባቸውና። ስለ ሞተው ሰው ግን ሕዝቡ በዕለት ንግግሩ የሚያውቀው ቃል ስለ ነበረ አዲስ መፍጠር አላስፈለገም።

ሕጉ በመጀመሪያው ቍጥር ሰው ከተወለደበት ቀን አንሥቶ እስከሚሞትበት ቀን ድረስ የመብት ባለቤት መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ሰው «ሟች» በተባለበት ቅጽበት መብት መያዙም ግዴታ መግባቱም ያከትማል። በእርሱ ስም ክስ ማቅረብ፣ እርሱንም መክሰስ አይቻልም፤ ክርክሩ ተጀምሮ ሳለ ቢሞት የሕግ ወራሾቹ በእርሱ ቦታ ይተካሉ። ቍጥር 826 ደግሞ ሰው ሲሞት ውርሱ በሞተ ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረው ስፍራ እንደሚከፈት ይናገራል። በሞቱ ምክንያት የማይቋረጡት መብቶቹና ግዴታዎቹ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋሉ። እዚህ ላይ «ግዴታዎቹ» የሚለውን ማስተዋል ይገባል፤ ውርስ ሀብት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ጭምር ነው።

ወራሽ የሚሆነውም ውርሱ በሚከፈትበት ጊዜ በሕይወት ያለ ሰው ነው። ነገር ግን ሕጉ በማሕፀን ላለው ልጅ ይራራለታል፤ ጥቅሙ በጠየቀ ጊዜ የተፀነሰ ልጅ እንደ ተወለደ ይቈጠራል፤ ይህም በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ ነው። 48 ሰዓት የኖረ ልጅ ለመኖር እንደሚችል ይገመታል። ስለዚህ አባቱ ከሞተ በኋላ የሚወለድ ልጅ ድርሻውን አያጣም።

«አውራሽ» እና «ወራሽ»

ቋንቋውን የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከልበት ስፍራ ይህ ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሞተው፣ አንዱ ያለው ነው። «ወረሰ» ማለት የሌላውን ሀብት ተቀበለ ማለት ነው፤ ከእርሱም «ወራሽ» ይወጣል። በመነሻው «አ» ሲጨመርበት «አወረሰ» ይሆናል፤ ይህም ሌላው እንዲወርስ አደረገ ማለት ነው፤ ከእርሱም «አውራሽ» ይወጣል። እንግዲህ አባት አውራሽ፣ ልጅ ወራሽ ነው። ዐረቡም በዚሁ መንገድ የሚያወርሰውን «ሙወሪስ» ይለዋል። ይህ ቃል በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ስለ ውርስ በሚደረግ ክርክር ይሰማል፤ እነዚህ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የውርስን ነገር ይመለከታሉ።

«ርስት» የሚለው ጥንታዊ ቃልም ከዚህ ሥር የበቀለ ነው። ከ«ወለደ» «ልደት» እንደሚወጣ ከ«ወረሰ» «ርስት» ወጥቷል፤ በሁለቱም የመጀመሪያው «ወ» ወድቋል። ርስት ማለት በመሠረቱ «የሚወረስ» ነው፤ የመሬት ስም የሆነው በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ የርስት ሥርዐት አበቃ፤ ቃሉ ግን በቋንቋው ውስጥ ቀርቷል።

አንድ ሌላ ጥንቃቄም ያሻል። «ወረሰ» የሚለው ግሥ መንግሥት የሰውን ንብረት ለራሱ አደረገ ለማለትም ይነገራል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ «ቤቱ ተወርሷል» የሚለው አነጋገር በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ይህንኑ ያስታውሳል። ስለዚህ በደብዳቤ ላይ «የእገሌ ቤት ተወርሷል» ብቻ ብሎ መጻፍ አንባቢውን ያደናግራል። «በውርስ ለልጆቻቸው ተላልፏል» ወይም «በአዋጅ ለመንግሥት ሆኗል» ብሎ መለየት ይገባል።

«ተናዛዥ»

ሟች ሁሉ ተናዛዥ አይደለም። ተናዛዥ የሚባለው ከመሞቱ በፊት ሀብቱ ለማን እንዲሆን ቃሉን የተወ ሰው ነው። «ኑዛዜ» የሚለው ቃል በግእዝ «ናዘዘ»፣ ማለት «አጽናና» ከሚለው ጋር የተዛመደ ነው። በቤተ ክርስቲያን ኀጢአቱን ለነፍስ አባቱ የሚናገርም «ተናዘዘ» ይባላል፤ ሀብቱን የሚያከፋፍልም «ተናዘዘ» ይባላል። ሁለቱም ሰው ሸክሙን አራግፎ የሚያርፍባቸው ቃላት በመሆናቸው በአንድ ስም መጠራታቸው አያስደንቅም።

ሕጉ ሦስት ዐይነት ኑዛዜ ያውቃል። የመጀመሪያው በግልጥ የሚደረግ ኑዛዜ ሲሆን በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ መላውን በገዛ እጁ ጽፎ ኑዛዜ መሆኑን የሚገልጥበት ነው። ሦስተኛው በ2 ምስክሮች ፊት በቃል የሚነገር ነው። ይህ የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥርዐት፣ ስለ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ የሚሠራ ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቈየም ቃሉ ይፈርሳል። እንግዲህ በአልጋ ላይ ሆነው «ቤቴ ለእገሊት ይሁን» ብለው የተናገሩት ብዙ ሽማግሎች ቃላቸው በሕግ እንደማይጸና ቤተ ሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ኑዛዜ በሌለ ጊዜ ሕጉ ራሱ ወራሾቹን ይጠራል። በመጀመሪያ ልጆች በእኩልነት ይወርሳሉ፤ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ቢኖር የእርሱ ልጆች በቦታው ይተካሉ። ልጅና የልጅ ልጅ ከሌለ አባትና እናት፣ ከዚያ አያቶች፣ ከዚያም ቅድመ አያቶች በየመስመራቸው ይጠራሉ። ማንም ካልተገኘ ሀብቱ ለመንግሥት ይሆናል።

ባልዋ የሞተባት ሴት

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሚስት አለመጠራቷን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ኑዛዜ በሌለበት ውርስ ሚስት ለባሏ፣ ባልም ለሚስቱ ወራሽ አይደሉም። ይህ ማለት ግን ሚስት ባዶ እጅዋን ትቀራለች ማለት አይደለም። በጋብቻ ዘመን የተገኘው የጋራ ሀብት በመጀመሪያ ለሁለት እኩል ይከፈላል። አዲስ አበባንና ድሬዳዋን የሚመለከተው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህን በግልጥ ያጸናዋል። ግማሹን ሚስት የምትወስደው በባለቤትነቷ እንጂ በወራሽነቷ አይደለም። ለልጆች የሚከፋፈለው የቀረው ግማሽ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የአንድ ጸሓፊ ብዕር ምን ያህል ጕዳት እንደሚያደርስ እንመልከት። ባልና ሚስት በጋብቻቸው አንድ ቤት ሠርተዋል፤ 4 ልጆችም አሏቸው እንበል። ባል ያለ ኑዛዜ ሞተ። ጸሓፊው በመዝገቡ ላይ «የሟች ቤት» ብሎ ቢጽፍና ማንም ሳያርመው ቢቀር መላው ቤት ለ4 ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ልጅ ሩቡን ያገኛል፤ ቤቱን አብራ የሠራችው እናት ግን ምንም አታገኝም። «የሟችና የባለቤታቸው የጋራ ሀብት የሆነ ቤት» ብሎ ቢጽፍ ግን እናት ግማሹን ትይዛለች፤ እያንዳንዱም ልጅ ከመላው ቤት ስምንተኛውን ያገኛል። በሁለቱ አጻጻፍ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ቃላት ነው፤ በመሬት ላይ ሲታይ ግን የአንዲት እናት ጣሪያ ነው። በሞቱ ምክንያት ለሚስትና ለዘመዶች የሚሰጠው ጡረታም ከውርሱ ውስጥ አይቈጠርም፤ ስለዚህ «የሟች ገንዘብ» ተብሎ ከሚካፈለው ጋር መደባለቅ አይገባውም።

ሀብቱም ከመከፋፈሉ በፊት ውርሱ ይጣራል። ይህን ሥራ የሚሠራው «ውርስ አጣሪ» ይባላል። ከውርሱ ላይ በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያም የሟች ዕዳ ይከፈላል። ወራሾችም ወራሽነታቸውንና ድርሻቸውን የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ከፍርድ ቤት ሊያገኙ ይችላሉ።

የጠፋ ሰው ሟች አይባልም

ወሬው የጠፋ ሰው ያለው ቤተ ሰብ ከሁሉ የከፋ ጭንቀት ላይ ይገኛል፤ አልቅሶ አይወጣለት፣ ጠብቆም አይደርስለት። እንዲህ ያለውን ሰው ጸሓፊ በራሱ ሥልጣን «ሟች» ሊለው አይችልም። ሰውየው ከጠፋና ወሬው ሳይሰማ 2 ዓመት ካለፈ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤትን ሊለምን ይችላል። እስከዚያ ድረስ የሚጻፈው «ያለበት ያልታወቀው» ተብሎ ነው።

ሞትም በማስረጃ መረጋገጥ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ የደነገገው ሥራ ለብዙ ዘመን ሳይጀመር ስለ ቈየ ቤተ ሰብ ሞትን የሚያስረዳው በምስክር፣ በእድርና በቤተ እምነት ወረቀት ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 760 የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍችና የሞት ምዝገባን ሥርዐት አቆመ፤ ምዝገባውም በመላው አገር በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ።

በደብዳቤ ላይ እንዴት ይጻፋል?

በፍርድ ቤት ጽሑፍ «ሟች» እንደ «ከሳሽ» እና እንደ «አመልካች» ሁሉ የስም ያህል ያገለግላል፤ ስለዚህ «ሟቹ» ሳይባል «ሟች በሕይወት ሳሉ» ተብሎ ይጻፋል። ግሡም በአክብሮት ይሆናል። «ሟች አቶ እገሌ ባወጡት ገንዘብ» ይባላል እንጂ «ባወጣው» አይባልም፤ ሰው በመሞቱ «አንቱታ»ውን አያጣም።

ወደ ቤተ ሰብ በሚላክ ደብዳቤ ግን የመዝገቡን ቃል እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ለሚስት «ሟች ባልሽ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ባይሆንም ልብ ይሰብራል። «በሞት የተለዩት ባለቤትዎ አቶ እገሌ» ማለት የሕጉን ፍሬ ነገር ሳይቀንስ ኀዘኑን ያከብራል። በቃል ሲነገርም ከስሙ ቀጥሎ «ነፍሳቸውን ይማርና» ማለት የተለመደ ነው።

ባለጕዳይዋ ራሷ ስትናገር ደግሞ «ባሌ ሞተ» አትልም፤ «ባሌ ሞተብኝ» ትላለች። «ብኝ» የሚለው ቅጥያ ሞቱ የወደቀው በማን ላይ እንደ ሆነ ይናገራል። መዝገቡ የሟችን ስምና የሞተበትን ቀን ይጠይቃል፤ እርሷ ግን በአንድ ቅጥያ የራሷንም ነገር ጨምራ ነግራለች። ቋንቋውን በሚገባ የተማረ ሹም ይህን ቅጥያ ይሰማል፤ ከሰማም በኋላ ወንበር ስቦ ያስቀምጣታል፤ ጋብቻቸው መቼ እንደ ሆነ፣ ቤቱን ማን እንደ ሠራው፣ ልጆቹ ስንት እንደ ሆኑ በዝግታ ጠይቆ ይጽፋል።

አበው «ሞት አይቀርም፤ ስም አይቀበርም» ይላሉ። የሟችን ስም በመዝገብ ላይ በትክክል የሚያኖር፣ የቋሚንም ድርሻ ከሟች ድርሻ የሚለይ ጸሓፊ ለሁለቱም የሚገባቸውን አድርጓል።